ካፖርቱ ይቅር

አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ዝናቡ ወጥቶልን ፀሐይ ማየት ጀምረናል፤ ጉልበቴም እንደ ክረምቱ አያስለቅሰኝም። ባለፈው በስልክ «ለገና ስመጣ ምን ላምጣልሽ?» ስትዪኝ «ራስሽን ይዘሽ ነይ» ያልኩሽ ጎረቤት አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ሰው ፊት የሚነገር አልመሰለኝም። ካፖርት አልፈልግም፤ የአምናውም ከነላስቲኩ ተሰቅሏል። ቫይታሚኑም ይቅር። የምፈልገው የዳርት ቀስት ነው። ሦስት ፍሬ፣ 22 ግራም፣ ተንግስተን።

ስትስቂ ይታየኛል። ሳቂ፣ ግድ የለም። ስትጨርሺ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ዝም ብለሽ ሱቅ ገብተሽ «ዳርት ስጡኝ» ካልሽ ያላለቀላቸውን ዕቃ ነው የሚያሸክሙሽ።

የብሎካችን ልጆች ከታች ኮሚናሉ ግድግዳ ላይ ቦርድ ሰቀሉ። ዋናው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ነው፣ ስታቲስቲክስ የሚማረው፣ ያንቺን የሒሳብ መጻሕፍት የወሰደው። ሉክ ሊትለር የሚባለውን የእንግሊዝ ልጅ በስልኩ እያየ ነው ልቡ የተነሣው። ሊትለር በ16 ዓመቱ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025፣ በ17 ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደው። እኔ በርበሬ ላሰጣ ወርጄ ነበር። ቀና ስል ቦርዱ ዝቅ ብሏል። «ይሄ ለማን ነው የተሰቀለው? ለመዋዕለ ሕፃናት?» አልኩት የሦስተኛ ፎቁን ልጅ። የቦርዱ እምብርት፣ ቡሉ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ መሆን አለበት። መቆሚያው መስመር ደግሞ 2 ሜትር ከ37 ይርቃል፤ ያውም ከግድግዳው አይደለም፣ ከቦርዱ ፊት ነው የሚለካው። ከቤት የልብስ ሜትሬን አውርጄ ለካን። ዝቅታው ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ልጁ አፉን ከፍቶ «እማማ፣ ይሄን ከየት አወቁት?» አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

አንቺ ከየት እንዳወቅሁት ታውቂያለሽ። የፋብሪካችን ክበብ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመሽ፣ ነጥብ መጻፊያውን ጠመኔ ይዘሽ፣ አፍንጫሽ ሳይቀር ነጭ ሆኖ። የኢሠማኮ ውድድር ሲደርስ የሠራተኛ ማኅበሩ ሁሉ ቡድኑን ይዞ ይመጣል፤ ኳሱ፣ ቮሊቦሉ፣ ጠረጴዛ ቴኒሱ፣ ገመድ ጉተታው፣ ዳማው፣ ቼሱ። ሕዝቡ ኳሱ ጋ ነው። ዳርቱ ጋ ያለነው እኛ፣ ዳኛውና የምንተውበት ቦታ ያጣንላቸው ልጆቻችን ነን። ከ501 እየቀነሱ መውረድ፣ መጨረሻውን በደብል፣ በእጥፍ ነጥብ፣ መዝጋት፤ መቀነስ የተማርሽው እዚያ ነው። አስተማሪሽ «ይቺ ልጅ በጣቷ ሳትቆጥር ትቀንሳለች» ብለው ሲደነቁ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ልጇን ክበብ ነው የምታሳድገው እንዳይሉኝ ፈርቼ።

ለምን እንደተውኩት ጠይቀሽኝ አታውቂም። ተውኩት የምልበት ቀን የለም። አንድ ዓመት የሌሊት ፈረቃ ደረሰኝና ውድድሩ አለፈኝ። በሚቀጥለው አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታመመ። ከዚያ ፋብሪካው ባለቤት ለወጠ፣ ክበቡ መጋዘን ሆነ፣ ቦርዱም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። የተቆረጠ ቀን ቢኖረው ኖሮ ቁጭ ብዬ አለቅስበት ነበር። ስለሌለው ግን አላለቀስኩም፣ ያ ነው የቆጨኝ።

እነዚያ የናስ ቀስቶቼ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከክርና ከቁልፍ ጋር፣ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛዋን አባትሽ ቀበቶ ሲበሳባት ኖሮ ጫፏ ጎብጧል። ክንፎቻቸው ደግሞ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ልጁ ከራሱ ክንፍ አውጥቶ ገጠመልኝ።

የመጀመሪያው ቀን አታለለኝ። መስመሩ ላይ ቆምኩ፣ ቀኝ እግሬ ፊት፣ ልክ እንደ ድሮው። አንደኛዋ 20 ላይ ተሰካች፣ ሁለተኛዋም አጠገቧ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሴትዮዋ በዚህ ዕድሜዋ!

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላሰብኩም፤ ከዚያ በኋላ ክንዴን መከታተል ያዝኩ። ክርኔ የት ነው? ትከሻዬ ተነሥቷል? ጣቴ መቼ ይለቃል? እንዲህ ከጀመርሽ አለቀልሽ። 20 አልሜ 5፣ 20 አልሜ 1፣ አንዳንዴም ግድግዳውን። ከሁሉ የከፋው ግን እጄ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው የሚቀረው ነው። ልልቀቅ እላለሁ፣ አይለቅም። ልጆቹ እንዳያዩ «ትንሽ አተኩሬ ነው» እላቸዋለሁ።

እንግሊዞች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ ዳርታይቲስ ይሉታል። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ኤሪክ ብሪስቶውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ይሄው ያዘው። ያን ሁሉ ዋንጫ ያነሣ እጅ አንዲት ቀስት አልለቅ አለው። ሰውየው ግን አልተወውም። በ1989፣ በ1990 እና በ1991 ሦስቱንም ዓመት ለፍጻሜ ደረሰ፣ ሦስቱንም ተሸነፈ። የ1990ውን ያሸነፈው ማን መሰለሽ? ራሱ ብሪስቶው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ያሳደገው ፊል ቴለር። ቴለር ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን 16 አድርሶ ነው የቆመው። ልጁ ይሄን ሲያነብልኝ ለሽንፈቱ አይደለም ያዘንኩት። በማይለቅ እጅ ሦስት ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ መቆም ምን እንደሚጠይቅ ስለገባኝ ነው።

እኔማ ምን መድረክ አለኝ! ወደ ቦርዱ በጣም ቀርቤ፣ ምንም ሳላልም፣ ዝም ብዬ መወርወር ጀመርኩ። ቁጥር የለም፣ ነጥብ የለም። እጄ መልቀቅ ሲለምድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሲያመነታ ተመልሼ እቀርባለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ነበር የምወርደው። የግቢያችን ዘበኛ ብቻ ነው ምስጢሩን የሚያውቀው፤ እሱም አንድ ቀን «ጠላት ነው እንዴ የሚያዩበት?» ብሎኝ አለፈ።

ዓይኔ ሌላ ጣጣ ነው። የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ስቆም ቦርዱ ጉም ለበሰ። አውልቄ ስሞክር ቦርዱ ጥርት አለ፣ የቀስቷ ጫፍ ግን እጄ ላይ ደበዘዘች። ይሄኛው ይሻላል፤ የሚታየው ቦርዱ ይሁን እንጂ ቀስቷንስ ጣቴ ያውቃታል። የሰካሁትን ለማየት ቀርቤ መነጽሬን አጠልቃለሁ፣ ለመወርወር አወልቃለሁ፤ ስወጣ ስገባ ከጨዋታው ይልቅ እሱ ይደክመኛል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። 20 የእኔ ቁጥር ነበር። ፋብሪካው ሁሉ «የሃያዋ» ነበር የሚለኝ። ትሪፕሉ 60 ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ ነጥብ ቦርዱ ላይ የለም። ስመለስም ወደ እሱ ነው ያለምኩት፣ ወደየት ላልም? ልጁ ግን ያረፍኩበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ በነጥብ እየያዘ ኖሮ አንድ ቀን ዘርግቶ አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ የኔ ቀስት እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። «እርስዎ 20ን አይመቱም፣ ጎረቤቶቹን ነው የሚመቱት» አለኝ፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ 5 እና 1 ናቸው። ቦርዱን ያቀደው ሰው ተንኮለኛ ነው፤ ለስስታም እጅ ሁልጊዜ አጠገቡ ቅጣት አስቀምጦለታል።

ከዚያ አንድ ጥናት አነበበልኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ስለ ዳርት የጻፉት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እጅሽ የማይስት ከሆነ ትሪፕል 20 አልሚ። ትንሽ የሚበተን ከሆነ ወደ ትሪፕል 19 ውረጂ። የባሰ የሚበተን ከሆነ እየጠመዘዝሽ ወደ መሐል፣ ከቡሉ በስተ ግራ ወዳለው ቦታ ሂጂ። ለምን ብዬ ራሴ ደመርኩት። በግራ በኩል ከ19 እስከ 14 ያሉት፣ 19፣ 7፣ 16፣ 8፣ 11፣ 14፣ ድምራቸው 75 ነው። ትይዩአቸው በቀኝ ያሉት፣ 1፣ 18፣ 4፣ 13፣ 6፣ 10፣ ድምራቸው 52። ግራው ብትስቺም ይከፍልሻል፤ ቀኙ ሲስቱት ይበላል።

ልቤ ግን እሺ አላለም። 19 ማለም የፈሪ ጨዋታ መሰለኝ። የድሮ ቡድኔ ቢያየኝ ምን ይላል እያልኩ (ቡድኑ የት አለና?) ሳምንታት 20 ላይ ችክ አልኩ፤ 5፣ 1፣ 5፣ 1። ያቺ ድሮ 20 የምትመታው ሴት የዛሬዋን አላግባብ እያስከፈለቻት እንደሆነ የገባኝ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስታሸንፈኝ ነው። ልጅቷ ግራውን ነበር የምትመታው። ማንም አልነገራት፤ እጇ ወደዚያ ስለሚያደላ ብቻ። እኔም በማግስቱ ወደ ግራ ዞርኩ። 16ን አልሜ 8 ወይ 7 አገኛለሁ፣ አልፎ አልፎ ራሱን 16፣ ስቄ እመለሳለሁ። ነጥቤ ወጣ። ደግሞ የሚገርመው፣ እጄም መያዙን ተወ። 20 ላይ ነበር የሚይዘው። 16 ላይ እንድሳሳ የሚያደርገኝ ትዝታ የለኝም፤ ሰጥቼው እመጣለሁ።

መዝጊያውም እዚያው ጎን ነው። 32 ሲቀርሽ ደብል 16 ትመቻለሽ። ወደ ውስጥ ስተሽ ነጠላውን 16 ብታገኚ 16 ይቀርሻል፣ ደብል 8። እሱንም ብትስቺ 8፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2፤ ሁሌ ግማሽ፣ ሁሌ የሚዘጋበት ደብል አለው። 32 ሲቀረኝ ከወንበሩ ላይ በጥቅሻ ትነግሪኝ የነበረውን አልረሳሁትም። ዳኛው አንድ ቀን ሊያስወጣሽ ነበር።

ስለ ቦርዱ ደግሞ አንድ የምትወጂውን ነገር ልንገርሽ። ከምን እንደሚሠራ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ከቃጫ። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትለው ከኖርኩት ቃጫ! ድሮ ከእንጨት ነበር አሉ፤ ኖዶር የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ ቃጫ ለወጠው፣ ዛሬም ቦርዱን የሚያሠራው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ቃጫው በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ፣ በቁሙ ተደርድሮ፣ ታምቆ በብረት ይታሰራል። ቀስት ሲገባ ይከፈትለታል፣ ሲነቀል መልሶ ይገጥማል። ልጁ ቀዳዳው እንዲደፈን ብሎ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሸው ደርሼ ጮህኩበት። ቃጫ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ አብጦ የነበረውን ቦታ አያስታውስም፤ እኔን ማን ያስተምረኛል? ይልቅ የቁጥሩን ቀለበት ነቅሎ ማዞር ነው፤ 20 የነበረው ቦታ ሲጎዳ ሌላ ቁጥር ያርፍበታል፣ ቦርዱም እኩል ያረጃል። ይሄን ካሳየሁት ወዲህ ልጁ ምንም ነገር ሳያስፈቅደኝ አይነካም። ኮሚናሉ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ሆኛለሁ።

አንቺ ያለሽበት ሊድስ የዳርት አገር መሆኑንስ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት «የዕድል ጨዋታ ታጫውታለህ» ተብሎ ሊድስ ፍርድ ቤት ቀረበ ይባላል። ሰውየው ቦርዱን ችሎት አስገብቶ ሦስት ቀስት 20 ላይ ሰካ፤ ጸሐፊው ተነሥቶ ቢሞክር አቃተው። ዳኞቹም ይሄ ዕድል አይደለም፣ ችሎታ ነው ብለው አሰናበቱት። ተረት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በዕረፍትሽ ቀን ከሥራ ጓደኞችሽ አንዱን ይዘሽ ቦርድ ያለበት ቤት ጎራ በዪ። ሆስፒታልና ቤት፣ ሆስፒታልና ቤት ብቻ እንደሆንሽ ድምፅሽ ይናገራል።

እማማ የሚለኝ ልጅ ሊትለርን ነው የሚያመልከው። የኔ ሰው ሌላ ነው፤ ፖል ሊም፣ ሲንጋፖራዊው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ሻምፒዮና መድረክ 501ን በዘጠኝ ቀስት የዘጋ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ ከዚያ ያነሰ ደግሞ አይቻልም። ሸምግሎም ለንደን፣ አሌክሳንድራ ፓላስ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉት ጋር ቆሞ ሲወረውር አሳዩኝ። ተሸነፈ። እየሳቀ ወረደ። ሴቷንም አይቻታለሁ፤ ፋለን ሼሮክን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ እዚያው መድረክ ላይ ወንድ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት። እኛ ለብቻችን ነበር የምንወዳደረው። አሁን ኮሚናሉ ውስጥ ማንም ከማንም ይገጥማል፣ ደግሞም እነግርሻለሁ፣ የሦስተኛ ፎቁን ልጅ አባት አሸንፌዋለሁ። ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል ግን ዓይኔን አያይም።

እንግዲህ ለዕቃው። ናሱ ወፍራም ነው፤ የትሪፕሉ ቀለበት ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዷ ከገባች ለሌላዋ መንገድ ትዘጋለች። ተንግስተን ከባድ ስለሆነ በዚያው ክብደት ቀጠን ይላል። 90 ከመቶ ተንግስተን የሚለውን አትግዢ፣ ውድ ነው፤ 80ው ይበቃኛል። ጫፉ ብረት ይሁን። ፕላስቲክ ጫፍ ያለው ለኤሌክትሪኩ ማሽን ነው፣ ቃጫ ላይ አይሆንም። ክንፉ ትልቁ፣ ሰፊው ይሁን፤ እጄ እንደ ድሮው ስለማይፈጥን ሰፊ ክንፍ ቀስቷን ቀጥ አድርጎ ይይዝልኛል። ትርፍ ክንፍ ጨምሪበት፣ ለልጆቹም ይሆናል። የሊትለር ስም የተጻፈበትን ተዪው፣ ስሙን ነው የሚያስከፍሉሽ። ሻንጣሽ ውስጥ አድርጊው፣ በእጅ ቦርሳሽ እንዳትይዢው፤ አውሮፕላን ላይ አያስገቡሽም፣ ደግሞ ለፖሊስ «ለእናቴ ነው» ብትዪ ማን ያምንሻል።

ጠመኔሽን አሁን የያዘችው ያቺ የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ ግን በስልኳ ካልኩሌተር ነው የምትቀንሰው። ከለከልኳት። ያንቺን ታሪክ ስነግራት አላመነችኝም፤ «ማንም ሰው እንደዚያ በፍጥነት አይቀንስም» አለች። እኔም ተወራርጃለሁ። እንግዲህ እንዳታሳፍሪኝ፤ 87 ቀርቶሻል፣ ሦስት ቀስት በእጅሽ አለ፣ መዝጊያሽ ደብል 16 ነው፣ 20ን መንካት አይፈቀድም። የምታገኚውን መንገድ ሁሉ ጻፊልኝ። በስልክ አትንገሪኝ፣ እሷ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች።

ናፋቂሽ
እናትሽ